የልብ ዕረፍት ከወዴት ይገኛል?

(በዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በሽማግሌዎች ስም የተሰጠ ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮም ሆነ ስለ ድንኳን አይደለም፤ እሱን ጸሐፊያችን ያቀርቡላችኋል። እኛ ልናነሣ ያሰብነው ሁላችንም የምንመኘውን ነገር ነው፤ ይኸውም የልብ ዕረፍት ነው። የምንናገረው በክርስትና እምነታችን በኩል ነው። የእስልምና ተከታይ የሆናችሁ ጎረቤቶቻችንም ኀዘኑንም ደስታውንም አብረን የምንካፈል ስለሆነ ጆሮአችሁን እንደማትነፍጉን እናምናለን።

እንግዲህ ድካም ሲባል ብዙ ጊዜ የሥራ ድካም ብቻ ይመስለናል። ቀን ሙሉ እንጀራ ስትጋግር የዋለች፣ ሸክም ሲሸከም የዋለ ሰው ማታ ጋደም ሲል አካሉ ያርፋል። ግን አካሉ አርፎ እንቅልፍ እንቢ የሚለው ስንቱ ነው? ጣራ ጣራውን እያየ፣ በዛሬው ጊዜ ደግሞ ስልኩን እየነካካ የሚያነጋው ስንቱ ነው? ኧረ ብዙ ነው። እሑድ አስቀድሰን ስንመለስ እንኳ ያ ነገር በራችን ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። አንዱ ዘንድ ቂም ነው፤ ሌላው ዘንድ ለማንም ያልተነገረ ጥፋት ነው፤ ሌላው ዘንድ ደግሞ የነገ ሥጋት ነው።

ከራሳችን እንጀምር። በሠፈራችን ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ምክንያት ተቀያይመው ለዓመታት ሰላምታ ሳይለዋወጡ ኖሩ። እኛ ሽማግሌ የተባልነውም «ክረምቱ ይውጣ»፣ «ጾሙ ይፈታ» እያልን ስናጓትት አንደኛው ታመው ዐረፉ። ድንኳኑን የተከልነው በዚያው በተጣሉበት አጥር ሥር ነበር። በሕይወት የቀሩት ጎረቤት ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ አልተለዩም፤ ውኃ ሲያቀርቡ፣ አግዳሚ ሲያነሡ ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ «አሁን ማንን ይቅርታ ልጠይቅ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ይህን የምንናገረው እሳቸው ፈቅደውልን ነው፤ ጥፋቱም የእኛ ጭምር ነው።

እንዲህ ያለው ሸክም ዛሬ የመጣ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን የምታስበው ቅዱስ ሙሴ ጸሊም በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ ይኖር ነበር። ትውልዱ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ይነገራል። አስቀድሞ ባሪያ ነበር፤ ኋላም የወንበዴዎች አለቃ ሆነ፤ በመጨረሻ ተጸጽቶ በአስቄጥስ ገዳም መነኮሰ። ታዲያ ቆቡን እንደ ደፋ ወዲያው ልቡ ዐረፈ ወይ? አላረፈም። ፈተናው ቢበረታበት ከበኣቱ ወጥቶ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። ወደ በኣቱ እንዲመለስ ቢነግሩት አልችልም አለ። አባ ኤስድሮስ አልተቆጡትም፤ ሰገነት ላይ አውጥተው በምዕራብ በኩል ለጦርነት የተነሡ አጋንንትን፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ለእርዳታ የቆሙ ብዙ መላእክትን አሳዩት። እርሱም በርትቶ ወደ በኣቱ ተመለሰ። ልብ በሉ! ጦርነቱ አልቆመለትም፤ የተለወጠው ብቻውን አለመሆኑን ማወቁ ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ወንድም አጥፍቶ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ ሙሴን አስጠሩት፤ አልመጣም አለ። አጥብቀው ቢለምኑት ቀዳዳ ዘንቢል በአሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ውኃ የሚያፈስ ማሰሮ ነበር የሚሉም አሉ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሲጠይቁት፣ የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ ሳለ እሱን ሳያይ በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። እነርሱም ያንን ወንድም ማሩት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ405 ገደማ ወራሪዎች ገዳሙን በመቱ ጊዜም አልሸሸም፤ በሰይፍ የኖረ ሰው ሰይፍ ሲመጣበት ሰይፍ ሳያነሣ ሞተ። ዕረፍት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ሸክም የከበደባቸውን ጠርቶ ዕረፍት እንደሚሰጣቸው ይነግራቸዋል፤ ወዲያውም ቀንበሩን እንዲሸከሙ ያዛቸዋል። ይህ እንዴት ይሆናል እንል ይሆናል። ቀንበር የሥራ ዕቃ ነው አይደለም እንዴ? ነው። ነገር ግን ከገጠር የመጣን ሁላችን እንደምናውቀው ቀንበር የሚጠመደው ለሁለት በሬ ነው። ስለዚህ የክርስቲያን ዕረፍት ሥራ መፍታት ወይም ችግር ማጣት አይደለም፤ ለብቻ መጎተትን መተው ነው። የሚከብደንን ከእርሱ ጋር እንሸከማለን፤ ቂሙን ግን ከነጭራሹ እናወርደዋለን። አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለውን አደራ እንላለን። ጥፋቱ የከበደበት ለንስሐ አባቱ ይንገር። የተቀያየመ ክረምት እስኪወጣ አይጠብቅ፤ ዛሬ ማታ የጎረቤቱን በር ያንኳኳ። እንቅልፍ ያጣ ደግሞ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ሐኪም ማየት የእምነት ጉድለት አይደለም። ብቻዬን አልችልም የሚል ካለ፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዕድሩ ቤት እንቀመጣለን። የሰማነው ከዚያ ቤት አይወጣም። ከእንግዲህ «ነገ» አንልም፤ ብንል ቁጡን።

ያኔ ለተጠየቅነው ጥያቄ አሁንም መልስ የለንም። ሌላ ድንኳን ተተክሎ ዳግመኛ እንዳይጠየቅ ማድረግ ግን በእጃችን ነው።

እግዚአብሔር ለየቤታችን ሰላሙን ይስጥልን። አሜን።