የብርሃን ደብር፣ የኑር ምዕራፍ

(የደወል ድምፅ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ በሰማይ የታየውን ብርሃን የፈጣሪ ምልክት ብለው ተቀብለው፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተሙም።

ከአንኮበር ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ አልዩ አምባ አለች፤ የአርጎባ ሙስሊሞች የኖሩባት የቆየች የገበያ ከተማ። እነሱ የሚያነቡት ቁርኣንም 24ኛውን ምዕራፍ “ኑር” ይለዋል፤ ብርሃን ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ስሞቹ ናቸው። ደብሩ ገብርኤል የሚለውን መልአክ መስጊዱ ጂብሪል ይለዋል። ማርያም በሁለቱም ማርያም ናት፤ የቁርኣን 19ኛው ምዕራፍ በስሟ ተሰይሟል። ስለ ልጇ ማንነት ግን ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም።

ጾምን በአማርኛ ሁለቱም ጾም ይሉታል። ጾሙን ለመፍታት የረመዳን ጾመኛ መግሪብን፣ ማለትም የጀምበርን መጥለቅ፣ የዐቢይ ጾም ጾመኛ ደግሞ የቅዳሴውን ማብቂያ ይጠብቃል።