የራሳችንን ጥያቄ ራሳችን እንጠይቅ

(በወጣቶች የውይይት መድረክ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ እንድታነቡት ለጠፍኩት።)



አድዋ ሲባል ሁላችንም ቀድሞ ትዝ የሚለን 1888 ዓ.ም. ነው። ልክ ነው፣ ይገባዋልም። እኔ ዛሬ የማነሳላችሁ ግን አድዋ ላይ የተገኘ ሌላ ድል ነው። ጥይት ያልተተኮሰበት፣ ብዙዎቻችንም የማናውቀው ድል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመኑ 1964 ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ተመራማሪ ዶክትሬታቸውን አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሠርተው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። አድዋ የሄዱት ብልሃርዚያን ለማጥናት ነበር። የብልሃርዚያ ተውሳክ ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ ነው የሚራባው። እሳቸው ወንዝ ዳር ቆመው ምን አዩ? እናቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ ደግሞ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፈዋል።

እንዶድን እኮ እናቶቻችን ለዘመናት ያውቁታል። በዚያ ወንዝ በኩል ስንት ሰው አልፏል! ያንን ያየውን ነገር ወደ ጥያቄ ቀይሮ፣ ጥያቄውን ላቦራቶሪ ያስገባ ግን አልነበረም።

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። አድዋ ላይ ለዓመታት በተደረገው ሙከራ፣ በትንንሽ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር፣ ብዙዎች "አማራጭ ኖቤል" የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን አላለቀም። እዚህ የተሠራው የደኅንነት ምርመራ ለዓለም አቀፍ ተቋማት በቂ ሆኖ አልተገኘም፤ በሀብታም አገር ላቦራቶሪ ደረጃ ይደገም ተባለ። በዚህ መሀል ዓመታት ነጎዱ። በ1990ዎቹ ደግሞ አሜሪካ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ የውሃ ቱቦ የሚደፍን ዜብራ መስል የሚባል ፍጥረት ለማጥፋት እንደሚያገለግል ጠቅሶ ፓተንት አወጣበት። የእናቶቻችን ሳሙና በሌላ አገር መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት ነው።

ወገኖቼ፣ ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። አንድ አገር ሀብት አለው የሚባለው ቅጠሉና አፈሩ ስላለው ብቻ አይደለም። ስለ ቅጠሉና ስለ አፈሩ የሚጠይቅ፣ መልሱንም በእጁ የሚይዝ ሰው ሲኖረው ነው። ዶክትሬት ማለትም በቃ ይሄ ነው። ስም ፊት ላይ "ዶ/ር" ብሎ መለጠፍ አይደለም። ማንም ያልመለሰውን አንድ ጥያቄ ይዞ፣ ዓመታት ለፍቶ፣ ማስረጃ ሰብስቦ፣ በመጨረሻ ሊጥሉት በተዘጋጁ መምህራን ፊት ቆሞ መሟገት ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። "ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ አጥተን ቤት ተቀምጠን ስለ ዶክትሬት ታወራልናለህ?" እኔም እኮ ከእናንተው አንዱ ነኝ! ዲግሪዬን ይዤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ "የሥራ ልምድ" የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ዞሬ የተመለስኩበትን ቀን ቆጥሬ አልዘልቀውም። ስለዚህ ዶክትሬት ሥራ ያስገኝላችኋል ብዬ አልዋሻችሁም። የምላችሁ ሌላ ነው፦ ሥራ የምናጣበት አንዱ ምክንያት የራሳችንን ችግር ራሳችን አጥንተን ወደ ምርት ስለማንቀይረው ነው።

ጤፍን ውሰዱ። የጤፍ አበባ በዓይን ለማየት እንኳ የምታስቸግር ናት፤ የምትከፈተውም ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ ነው። ይህ እስኪታወቅ ድረስ ሁለት የጤፍ ዓይነቶችን ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። በ1970ዎቹ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባዋ የምትከፈትበትን ሰዓት ደረሱበት፤ የማዳቀሉ በር ተከፈተ። በዚያ በር ገብተው ነው የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ምርት የሚሰጠውን ዝርያ ገበያ ከሚወደው ነጭ ዝርያ ጋር አዳቅለው በ2006 "ቁንጮ" የተባለውን ጤፍ ያወጡት። በሌላ በኩል አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ አውሮፓ ውስጥ ፓተንት ይዞ ነበር። በ2018 ሄግ ያለው ፍርድ ቤት፣ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ የሆላንዱን ፓተንት ውድቅ አደረገው። ልብ በሉ! እዚያ ችሎት ላይ የሚያዋጣው ቁጣ አይደለም፣ ማስረጃ ነው።

ወደ ምህንድስናው እንምጣ። የዓባይ ግድብ ዛሬ ያለበትን አካባቢ ለግድብ የሚሆን ብሎ ያጠናው የአሜሪካ መንግሥት የውሃ ቢሮ ነው፤ ጥናቱ ያለቀው በ1964 ነው። አዎ፣ እንዶዱ በታየበት በዚያው ዓመት! ግንባታው ግን እስከ 2011 ጠበቀ፤ ግድቡ የተመረቀው በ2025 ነው። ገንዘቡን ከኪሳችን ማዋጣታችን ያኮራል። ግን ከአሁን በኋላ የደለሉን፣ የዝናቡን፣ የተርባይኑን ጥያቄ የሚያጠናው ማነው? ደግሞ ሁሉም ጥያቄ ግድብ አያክልም። መረሬውን ጥቁር አፈር እዩት። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መንገዱንም የቤታችንንም ግድግዳ ይዞ ይሰነጥቃል። ይህ አፈር አገራችን ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። የእሱን ጠባይ ሊያጠና ከእኛ የበለጠ ምክንያት ያለው ማን አለ?

ታሪክን የመጨረሻ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ገጽ ላይ በብዛት የምንጣላው በታሪክ ነው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1968 ዶክትሬታቸውን የሠሩት ለንደን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጥናቱ በ1972 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ርዕሰ ጉዳዩ ከ1270 እስከ 1527 ያለው የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው። የቅዱሳኑን ገድል በግዕዝ እያነበቡ፣ ከዜና መዋዕል ጋር እያመሳከሩ፣ እውነቱን አንጥረው አወጡ። ከመቅደላ በ1868 የተወሰዱት በመቶ የሚቆጠሩ ብራናዎቻችን ዛሬም ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። የራሱን አገር ታሪክ ለማጥናት ባሕር የሚሻገር ትውልድ ነበረን፤ አሁንም አለን።

ከእነዚህ ሰዎች የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። የታሪክ ተመራማሪ የሚወደውን ወገን የሚጎዳ ማስረጃ ሲያገኝ አይደብቀውም። እኛስ? የሚመቸንን ፎቶ ሼር እናደርጋለን፣ ምንጩን ስንጠየቅ እንሳደባለን። አገር ወዳድነት ይሄ ከሆነ አገራችንን እየጠቀምናት አይደለም። አገሩን የሚወድ ሰው ስለ አገሩ እውነቱን መስማት የማይፈራ ሰው ነው።

በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የተጀመረው በ1950 ነው። የድኅረ ምረቃው ትምህርት በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ዶክትሬቱም በ1980ዎቹ ተከተለ። ዛሬ በሕክምናው፣ በሳይንሱ፣ በምህንድስናውና በታሪኩ እዚሁ አገር ውስጥ ዶክትሬት የሚሠሩ ወንድምና እህቶች አሉን። ኬሚካል በውጭ ምንዛሬ እጦት ይዘገይባቸዋል፣ መብራት ይጠፋባቸዋል፣ ደሞዛቸው ለቤት ኪራይ አይበቃም። ሠርተው ሲጨርሱ ደግሞ ጥናታቸውን ማንም አያነበውም። መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ይሄኛው ጥፋት የመንግሥት ብቻ አይደለም፣ የኛም ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ ድምፃችንን ስናሰማ ለላቦራቶሪና ለቤተ መጻሕፍት በጀትም እናሰማ። መንገድና መብራት እንደምንጠይቀው ሁሉ ይሄንንም እንጠይቅ።

ሁለተኛው ዛሬ ማታ የሚሠራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቶቹን በኢንተርኔት በነፃ ያስቀምጣል። ግቡና የተወለዳችሁበትን ወረዳ ወይም ዞን ስም ጻፉ። ስለ ወንዛችሁ፣ ስለ አፈራችሁ፣ ስለ አያቶቻችሁ መድኃኒት የተጻፈ ነገር ማግኘታችሁ አይቀርም። አንዱን ብቻ አንብቡ። ከዚያ ያገኛችሁትን በአማርኛ በአምስት መስመር አሳጥራችሁ፣ የጻፈውን ሰው ስም ጠቅሳችሁ እዚህ ገጽ ላይ ለጥፉት። ሌላ ቋንቋ የሚናገር ጓደኛ ካላችሁ እሱም በቋንቋው ይጻፈው። ምንም ካላገኛችሁ ደግሞ እሰየው! ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ አገኛችሁ ማለት ነው፤ ያቺ ጥያቄ የእናንተ ናት።

ኢትዮጵያ በልጆቿ እውቀት ትኑር!