ካሜራ ለሌላቸው ልጆቻችን
(በሰፈራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ልጆቻችን የቪዥዋል ኢፌክት፣ ማለትም ያልነበረን ነገር ፊልም ላይ የማስገባት ውድድር ሲሰሙ «ካሜራ የለንም» ይላሉ። እስቲ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የኔዘርላንዱ ብሌንደር ፋውንዴሽን በ2012 እ.ኤ.አ. «ቲርስ ኦፍ ስቲል» የተባለ የ12 ደቂቃ ፊልም አወጣ። በኋላም ጥሬ ቀረጻውን ሳይቀር በነፃ ለቀቀ፤ የጠየቀው ስሙ እንዲጠቀስ ብቻ ነው። ማቀነባበሪያው ፕሮግራም፣ ብሌንደርም፣ በነፃ ይገኛል።

በአንድ ጥሬ ቀረጻ ሲወዳደሩ ሁሉም እኩል ይነሳል። ዳኛ የሚያየው የካሜራን ዋጋ ሳይሆን የእጅን ሥራ ነው፦ የገባው ነገር ጥላው ከብርሃኑ ይስማማል ወይ? ካሜራው ሲንቀሳቀስ ይንሸራተታል ወይስ ይረጋል?

ወላጆች፣ ልጁ ኮምፒዩተር ላይ ሲያመሽ «ሥራ ፈት» አትበሉት። ኮምፒዩተር ያለን ለጎረቤት ልጅ እናካፍል። ልጆችም የሰው ቀረጻ ስትወስዱ የባለቤቱን ስም ጻፉ።