ስለ ደራሲ በዓሉ ግርማ
ልብ ወለድን የሥራ ፈት መዝናኛ አድርጎ የሚቈጥር ሰው በከተማም በገጠርም አይታጣም። በቦኖሻ፥ በሆሳዕናና በዱራሜ የምትገኙ ወጣቶችም ይህን ነቀፌታ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ለዚህ በቂ መልስ የሚሆነን የደራሲ በዓሉ ግርማ ሕይወት ነው።

በዓሉ በኢሉባቦር ተወልዶ፥ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ተምሮ፥ የ«መነን» መጽሔትና የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኗል፤ በደርግ ዘመንም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ በኤርትራ ሲካሄድ ወደ አሥመራ ሄደ። በዚያ ያየውንም መሠረት አድርጎ «ኦሮማይ»ን ጻፈ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ ባለሥልጣኖች መልካቸውን አዩበትና ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መኪናው በቃሊቲ መንገድ ቆማ ተገኘች፤ የእርሱ መቃብር ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«እርሱ ራሱ የመንግሥቱ አፍ አልነበረምን?» እያሉ የሚወቅሱት አሉ። ነቀፌታው ከንቱ አይደለም፤ ዳሩ ግን ከውስጥ ሆኖ ያየውን መመስከሩ ነው ሕይወቱን ያስከፈለው።

ኦሮማይ ማለት «አበቃ፥ አከተመ» ማለት ነው። መጽሐፉ ግን አላከተመም፤ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ወጥቷል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ መጽሐፉን አንብበህ አንተው ፍረድ፤ ልብ ወለድ ተራ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተፈራም ነበርና።