የአሮጌ አይሱዙ ቴፕና ሁለቱ ባትሪዎች



በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል የሚመላለሱት አሮጌ አይሱዙዎች የካሴት ቴፓቸው ተነቅሎ ፍላሽ በሚቀበል ከተተካ ቆይቷል። ሾፌር ረጅሙን መንገድ ያለ ዘፈን አይገፋውምና አልፈርድበትም። እኔ ላነሣ የምሻው ጥያቄ ከድምፁ ጥራት ይቀድማል፤ አዲሱ ቴፕ ኃይሉን ከየት ይቀዳል?

አይሱዙው የሚሠራው በ24 ቮልት ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ቴፕ በአብዛኛው የ12 ነው። አቋራጩ የታወቀ ነው፤ በተከታታይ ከታሰሩት ሁለት ባትሪዎች ከአንደኛው ብቻ መስመር መሳብ። ቴፑ ወዲያው ይዘፍናል፤ ሥራውም የተሳካ ይመስላል።

ሒሳቡን እንመልከት። መኪናው ቆሞ በቆሎ ሲጫን፣ አምፕሊፋየር የታከለበት ቴፕ 8 አምፔር እየሳበ 3 ሰዓት ቢዘፍን፣ ከአንዱ ባትሪ 24 አምፔር-ሰዓት ይጎድላል፤ ከሌላው ምንም። ሞተሩ ሲነሣ ዲናሞው የሚልከው ኃይል በሁለቱም ውስጥ እኩል ያልፋል፤ የጎደለውን ለይቶ አይሞላም። ወደ 28 የሚጠጋው ቮልትም 14፣ 14 ሆኖ መከፈል ሲገባው፣ የተራበው 13 ላይ ሲቀር ለጠገበው 15 ይደርሰዋል። አንዱ ሁልጊዜ ጎዶሎ እንደሆነ ይበላሻል፤ ሌላው ውኃው እየፈላ ያልቃል። ሞተሪኖው ደግሞ ሁለቱንም ይሻል፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ መኪናው በሰው ይገፋል።

መፍትሔው ከሁለቱም ባትሪ እኩል የሚወስድ፣ 24ን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ነው፤ ፊውዙም ለባትሪው ቅርብ ይሁን። አቅሙ ግን በአምፕሊፋየሩ ልክ ይመረጥ፤ ለሬዲዮ ብቻ የተሠራ የ5 አምፔር ኮንቨርተር፣ ድምፁ ከፍ ሲል ይቆራረጣል።