አስከሬን የሌለው ልቅሶ



በአንደኛው የዓለም ጦርነት ልጇ የሞተባት የብሪታንያ እናት አስከሬኑን አልተረከበችም። የሟቾች አስከሬን ወደ አገር እንዳይመለስ እ.ኤ.አ. በ1915 ስለ ተከለከለ፣ ወታደሩ በወደቀበት ምድር ይቀበር ነበር። መቃብሩ ባሕር ማዶ ቀረ፤ ሐዘኑ ግን ቤት ውስጥ ገባ። በጦርነት ጊዜ የተደረሰ የመዘምራን ሙዚቃ ምን ሸክም እንደ ተሸከመ የሚታወቀው ከዚህ ሲነሡ ነው። ቀብር ላልቆመ ሐዘንተኛ የሙዚቃው አዳራሽ አንድ የልቅሶ ቦታ ሆኖለታልና።

የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የኤድዋርድ ኤልጋር «የእንግሊዝ መንፈስ» ነው። ድርሰቱ ለአንድ ድምፃዊ፣ ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሦስቱም ግጥሞች የሎውረንስ ቢንየን ናቸው። የመጨረሻው ክፍል «ለወደቁት» ይባላል። ግጥሙ በጋዜጣ የወጣው ጦርነቱ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1914 ነበር።

ኤልጋር ሥራውን በ1915 ሲጀምር፣ ሲሪል ሩተም የተባለ የካምብሪጅ ሙዚቀኛ ያንኑ ግጥም ቀድሞ በዜማ እያዘጋጀው መሆኑን ሰማ። የሰው ድካም ላለማበላሸት ሲል ሥራውን ተወው፤ ወዳጆቹ አጥብቀው ስለ ለመኑት ግን ተመለሰበት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ሜይ 3 ቀን 1916 በሊድስ ተሰሙ። በዚያው ወር ለንደን ላይ ለቀይ መስቀል መርጃ ስድስት ቀን በተከታታይ ቀረቡ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጁላይ 1 ቀን፣ በሶም ጦር ሜዳ በአንድ ቀን ብቻ 19,240 የብሪታንያ ወታደሮች አለቁ።

የመጀመሪያው ክፍል ግን ገና አላለቀም ነበር። ያዘገየው ጠላትን የሚያወግዝ አንድ አንቀጽ ነው። ኤልጋር ለጀርመን ሕዝብ ባለ ዕዳ ነበር። «የጀሮንቲየስ ሕልም» የተባለው ታላቅ ድርሰቱ በ1900 በርሚንግሃም ላይ ሳይሳካ ሲቀር፣ በ1901 እና በ1902 ዱሰልዶርፍ ላይ በክብር የተቀበሉት ጀርመኖች ናቸው። ሪቻርድ ስትራውስም በአደባባይ አመስግኖታል። ስለዚህ ኤልጋር በጀርመን በኩል የጨዋነት ምልክት ይታይ እንደሆነ እየጠበቀ አንቀጹን እንዳቆየውና በመጨረሻ ተስፋ እንደ ቆረጠ በ1917 ለአንድ ሐያሲ ጽፏል።

መፍትሔው አስደናቂም አሳዛኝም ነው። ለጠላት አዲስ ዜማ አልፈጠረም፤ ከ«ጀሮንቲየስ» የአጋንንቱን ዝማሬ አምጥቶ በአንቀጹ ውስጥ አስገባው። ዱሰልዶርፍ ያጨበጨበችለት ሙዚቃ ጀርመኖችን አጋንንት ብሎ ለመጥራት ዋለ። ድርሰቱ ተሟልቶ ኦክቶበር 4 ቀን 1917 በርሚንግሃም ላይ ቀረበ።

እንግዲህ በአንድ ድርሰት ውስጥ ሙሾና ፉከራ ጎን ለጎን ቆመዋል። ከሁለቱ የትኛው ዕድሜ እንዳገኘ ጊዜ መስክሯል። «ለወደቁት» ከድርሰቱ ተነጥሎ ለብቻው ሲዘመር ኖሯል፤ በጦርነት ላይ የጸና ተቃውሞ የነበረው ቤንጃሚን ብሪተን እንኳ አድንቆታል። በዚህ ክፍል ውስጥ የሰልፈኛ እርምጃ ይሰማል፤ ነገር ግን እርምጃው ወደ ድል ደስታ አያደርስም። መዘምራኑ ቀስ በቀስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በጸጥታ ይጨርሳሉ። ጀግንነቱን አልካደም፤ ሟቹን ግን የቁጣ ማገዶ አላደረገውም።

ኤልጋርን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው። የልጆቹ ሞት በየዕለቱ በሚነገርበት አገር ተቀምጦ ቁጣውን ከሐዘኑ መለየት ግን ለማንም ቀላል አልነበረም። ሁለት ዓመት ያህል ብዕሩን መያዙ ራሱ የኅሊናው ምስክር ነው።

መታሰቢያ ለመሥራት የሚነሣ ሁሉ፣ የሚያቆመው ሐውልትም ቢሆን ዜማ፣ መሠረቱን ከመጣሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ከዚህ ይገኛል። ሥራው የሚቆመው ለሞተው ሰው ነው ወይስ ለገዳዩ? ለገዳዩ የቆመ ከጠቡ ጋር ያረጃል። ለሞተው የቆመ ግን፣ ጠቡን የማያውቅ የልጅ ልጅ እንኳ መጥቶ ያለቅስበታል።