ከበረቱ ጥግ ያለው ትል
ጨፋ ሮቢት ውስጥ ከብት ያለበት ግቢ ሁሉ ዝንብ አያጣም። በቦርከና ወንዝ ዳር ሙቀት የዝንብ እንቁላል በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ነጩ ትል በሳምንት ገደማ ጠግቦ ከእበቱ ይወጣና ዙሪያው ያለ ደረቅ አፈር ውስጥ ይገባል። የበረቱን ጥግ ጫር ጫር አድርጉ፤ ስንዴ የሚያክል ቡናማ ቅርፊት ካገኛችሁ የነገው ዝንብ እሱ ነው።

ፍሊት የሚበረውን ይጥላል እንጂ እበት ውስጥ የተቀበረውን አይነካም። ትሉን የሚገድለው ድርቀት ነው። አዛባውን በየቀኑ ጠርጋችሁ ለኩበት በስሱ ጠፍጥፉት፣ የቀረውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች። ክምር ከሆነ ግን ላዩ ቢደርቅም ውስጡ እንደረጠበ ነው። ለታየው ትል የፈላ ውሃ ይበቃል።

ልጆችም ሜዳ ላይ አይጸዳዱ፤ ትራኮማን የሚያዛምተው ዝንብ በብዛት የሚራባው ሜዳ ላይ በቀረ የሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ነው።